ገጽ አሥራ አራት፣ ከግርጌው

ጂቱ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ታፈጥበታለች። ስልኩ «ሙሉ በሙሉ ይጥፋ?» እያለ ይጠይቃታል። የሚጠፋው ብሎጓ ነው። ስምንት ወር ሙሉ፣ አስተምራ ከወጣች በኋላ እየተቀመጠች፣ ፕሮግራሚንግ ለሚጀምሩ ተማሪዎች በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ የጻፈቻቸው ሰባት ጽሑፎች። ዛሬ ጠዋት መምህሩ ሁሉ በተሰበሰበበት የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ፣ «ስለ ሉፕ ያልጻፈ ሰው አለ እንዴ? ጎግል ላይ ሞልቷል። አንቺ ደግሞ ምን ልትጨምሪበት ነው?» ብለው አሳቁባት። ከሳቁት አንዷ ጓደኛዋ ማኅሌት ነበረች። ከሁሉም የቆረቆራት የሷ ሳቅ ነው።

ኃላፊው አሁንም እዚያው የሠራተኞች ሻይ ክበብ ውስጥ፣ መስኮቱ ሥር፣ ከሷ ሁለት ጠረጴዛ አልፈው ተቀምጠዋል። ፓስቲ በሻይ እየነከሩ ይበላሉ። ጊንጪ ያለችው የዚህች የግል ኮሌጅ ክበብ ጠባብ ናት፤ በአንዱ ጥግ የተወራው ሌላው ጥግ ይሰማል። ይህን ደግሞ የኮፒ ማሽን ሠራተኛዋ እትዬ ሸዋገነት ከማንም የበለጠ ያውቁታል። ሻያቸውን ይዘው መጡና ጂቱ ፊት ለፊት ተቀመጡ።

«አካም ጅርታ ጂቱዬ? ጫማሽ ደረቀልሽ? የኔ እዚያው ጭቃው ውስጥ ሊቀር ነበር። በኅዳር እንዲህ ያለ ዝናብ ምን ይሉታል? ደንዲ ያሉት የእህቴ ልጆች ጤፉን አጭደው ሳይከምሩት ነው የመጣባቸው። ማሽኔም እርጥበት አይወድም፤ ከጠዋት ጀምሮ ወረቀት እየጎረሰ አስቸገረኝ። ስኳር ልጨምርልሽ? ...እሺ፣ ይቅር።

«የስብሰባውን ነገር ሰማሁ። እኔ መቼም የኮፒ ሴትዮ ነኝ፣ ምን አውቃለሁ። ግን እውነት ነው እኮ፤ ሰው የጻፈውን ደግሞ መጻፍ ምን የሚሉት ነው? አንድ የማውቃቸው ትልቅ ሰው አሉ... እዚህ እንዳይመስልሽ፤ እንጭኒ ናቸው። እንጭኒ እንበል። ምን ያሉ ምሁር መሰሉሽ። ሌላ ሰው የጻፈውን ደግመው ጽፈው አያውቁም። ሌላ ሰው ያልጻፈውንም አልጻፉ። ጨዋ ናቸው፤ ማንንም አይሻሙም።

«ሃንድአውታቸውን ብታዪው... ከሁለት ሺህ ስድስት ጀምሮ አንዲት ፊደል አልተነካችበትም። እኔ... ማለቴ የእንጭኒዋ የኮፒ ሴትዮ፣ መስከረም በጠባ ቁጥር ታባዛዋለች። አሥራ ሁለት መስከረም። መንግሥት ተለወጠ፣ ካሪኩለም ተለወጠ፣ የኮምፒውተሩ ሆድ እንኳ ጠፍቶ ቀጠነ፤ ሃንድአውቱ ግን ንቅንቅ አላለም። ዛሬ እንዲህ ያለ ጽናት ከየት ይገኛል? ገጽ ስድስት ላይ የሻይ ብርጭቆ ያረፈበት ክብ አለ። ያ ክብ አብሮ እየተባዛ ስንት ተማሪ ቤት ገብቷል መሰለሽ። አንዱማ ዲያግራም መስሎት ፈተና ላይ ስሎት ግማሽ ነጥብ አገኘ አሉ።

«ምሳሌዎቹስ ብትይ። የሜትሮ ባቡር ትኬት የሚቆርጥ ፕሮግራም ነው። እንጭኒ ላይ ሜትሮ የት አለ የሚል ተማሪ አይጠፋም መቼም፤ የዘንድሮ ልጅ አመል የለውም። አንቺ ደግሞ ምን አደረግሽ? መናኸሪያ ወርደሽ ተራ አስከባሪውን ኦቦ ቀጀላን አመጣሽልን። አሥራ ሁለቱ ወንበር እስኪሞላ አምቦ፣ አምቦ እያለ ይጣራል፤ ሰው በገባ ቁጥር አንድ ይጨምራል፤ ሲሞላ ዝም ይላል። የገባውን ካልቆጠረ ግን መኪናው ሞልቶም ሲጣራ ይውላል። ሉፕ የሚሉት ድግግሞሽ ይሄ ነው አልሽ፣ በሁለቱም ቋንቋ። እኔ ራሴ ገባኝ። ለኔ የገባ ነገር ደግሞ ምኑ ትምህርት ነው? የእንጭኒው ሰውዬ ቢሰሙ ያዝኑብሻል፤ እሳቸው እኮ አሥራ ሁለት ዓመት ሲያስተምሩ ለማንም እንዲህ ገብቶት አያውቅም።»

መስኮቱ ሥር ማንኪያው ብርጭቆ መምታቱን አቆመ። ጂቱ ወደዚያ ቀና ብላ ለማየት አልደፈረችም። ያን የመናኸሪያ ጽሑፍ ለምን እንደጻፈችው ግን ትዝ አላት። ፋንቱ የምትባል ተማሪዋ የኃላፊውን ሃንድአውት ገጽ አሥራ አራት ምሳሌ ቃል በቃል ኮምፒውተር ላይ ጻፈችው፤ ሉፑ አልቆም አለና ኮምፒውተሩ ደርቆ ቀረ። አንድ የሚጨምረው መስመር ከገጹ ላይ አልነበረም። ፋንቱ ራሷ አስባ መስመሩን ፈተና ላይ ብትጽፈው «ከሃንድአውቱ ውጪ» ተብሎ ነጥብ ተቆረጠባት። ልጅቷ ኮፒ ማሽኑ ክፍል በር ላይ ጂቱ ፊት አለቀሰች። ጂቱ ያን ቀን ቤቷ ገብታ ጻፈች።

እትዬ ሸዋገነት ሻያቸውን ፉት አሉ፤ አልቸኮሉም።

«አንድ ነገር ብቻ ይከነክነኛል ጂቱዬ። ገጽ አሥራ አራት... ከታች። ያቺው የእንጭኒዋ ሴትዮ ናት ያጫወተችኝ። በየገጹ ግርጌ ሰውየው በኮላ የለጠፏት ቀጭን ነጭ ወረቀት አለች። ሴትዮዋ ምን ቸገራት፣ ለጌጥ ይሆናል ብላ ዝም ብላ ታባዛለች። ዘንድሮ መስከረም ኮላው ደርቆ ኖሮ፣ የገጽ አሥራ አራቷ ወረቀት ማሽኑ መስታወት ላይ ወደቀች። ከሥሯ ምን ቢወጣ ጥሩ ነው? ስም። አዘጋጅ ይልና የሌላ ሰው ስም። የት ይሁን፣ ይኑር ይሙት፣ ማን ያውቃል ምስኪን። ከስሙ በላይ ደግሞ አንዲት መስመር፤ አንድ ጨምር የምትለዋ። ስሙ ሲሸፈን እሷም አብራ ተሸፍና ኖራለች።

«ሽፋኑ ላይማ የራሳቸው ስም አለ፣ ከነማዕረጉ፣ በደማቁ። ይሄ ነው ብልህነት። ሌላው የጻፈውን ደግሞ መጻፍ ምን ያደርጋል? ስምን ብቻ ጽፎ መገላገል እያለ።

«ሴትዮዋ ምን አደረገች አትይኝም? ኮላ ቀብታ መልሳ ለጠፈችው። ምን ታድርግ፣ የምትበላበት ሥራ ነው። ግን ከዚያ ወዲህ የኮምፒውተር ክፍሉን በር ባለፈች ቁጥር፣ ተማሪዎቹ ደረቀ፣ ደረቀ ሲሉ ስትሰማ... አፈርኩ። አፈረች ማለቴ ነው። አንዲት መሀይም ሴትዮ ያፈረችውን ያህል የተማረ ሰው አያፍርም፤ ጊዜ የለውማ፣ ስብሰባ አለበት።

«እና እኔ ምን አገባኝ፣ አጥፊው። ሁሉም ተጽፎ አልቋል ተብሏል። የቀረች አንዲት መስመር ናት። ለአንዲት መስመር ደግሞ ማን ይጨነቃል? ያቺ ያለቀሰችው ልጅ ካልሆነች... ማሎ ጂቱዬ፣ ሻይሽ ቀዘቀዘ እኮ።»

ጂቱ ስልኩን አነሳች። «አይ፣ ይቅር» የሚለውን ነካች፤ ከዚያ ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። በሩ አጠገብ የተቀመጠችው ማኅሌት አንገቷን ደፍታ ብርጭቆዋን ታዞራለች። የኃላፊው ፓስቲ ሻዩ ውስጥ ፈርሶ ተንሳፍፏል።

እትዬ ሸዋገነት ተነሡ፤ ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ ፊታቸውን ለክበቡ ሁሉ አደረጉ። እሳቸው ካሉበት ገበታ ሳይመርቁ እንደማይነሡ ሁሉም ያውቃል፤ ብርጭቆ የያዘው ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«ጂቱዬን እግዚአብሔር ያበርታት። ያንን የእንጭኒውንም ሰውዬ በሌሉበት ሳልመርቃቸው ብሄድ ደስ አይለኝም። ረጅም ዕድሜ ከሙሉ ጤና ጋር ይስጣቸው። እጃቸውን ይባርክላቸው፤ አንድ ቀን የራሳቸውን አንድ ገጽ ለመጻፍ ያብቃቸው። ያቺን ገጽ የጻፉ ዕለት ደግሞ... ከሳቸው በኋላ የሚመጣው ሰው ስማቸውን የሚሸፍንበት ወረቀት ይጣ፤ ቢያገኝም ኮላው ይድረቅበት።

«...ምነው፣ መስኮቱ ጋ ዝም አላችሁ? ለምርቃት አሜን ይባላል እንጂ።»