የልብስ ሰፊው የቁም ተዝካር

ነይ ሶስና፣ እዚህ ከጋቢናው ኋላ እንቀመጥ፤ ከወደ ኋላ ያንገጫግጫል። ጋቢ ይዘሻል? እንጅባራ እንደ ዳንግላ እንዳይመስልሽ። ባለፈው በነጠላ ሄጄ ሳስነጥስ ነው የከረምኩት። ድንቹስ ወጣ? እሰይ፣ ዘንድሮ ለሁሉም ሰጥቷል… ጋሼ፣ ይቅርታ፣ መስኮቱን ትንሽ ይዝጉልን? እንዴ! እርስዎ ነዎት? ከጀርባ አላወቅሁዎትም እኮ። እንደምን አደሩ? አይ፣ አይዙሩ፣ አንገትዎን አይድከሙ። የእኛ የሴት ወሬ ነው፣ እርስዎን አይመለከት።

ምን እያልሽኝ ነበር? አዎ፣ ስለ ልጅሽ፣ ስለ ፍቅርአዲስ። ቅዳሜ ቅዳሜ የድርሰት ትምህርት ላስገባት ወይስ ይቅርባት ነው ጥያቄሽ? አስገቢያት እንጂ! የድርሰት ትምህርት እኮ ለተማሪም ለደራሲም ይጠቅማል። በተለይ ለደራሲው… እንዴት አድርጎ እንደሚጠቅመው!

አንድ ሰው አውቃለሁ። ስሙን አልጠራም፤ ስም መጥራት እሱም አይወድ። ደራሲ ነው። ድሮ አንድ መጽሐፍ ጻፈና ከዚያ ወዲያ ነጠፈ። ሰው ሲጠይቀው «እያሰብኩ ነው» ይላል። መቼም እንደሱ ያሰበ ሰው በአገራችን የለም። ኋላ ነው ማስተማር የጀመረ። ወዲያው አያገረሽበት መሰለሽ! ልጆቹን ባስተማረ በዓመቱ መጽሐፍ ወለደ። አምጦ ነው ወይ? እሱን እንኳ… አዋላጅ አልነበርኩም።

እውነቱን ልናገርና ጎበዝ አስተማሪ ነው። ሐሜት እንዳይመስልሽ፤ እናትነሽ ሰው አማች እንዳትይኝ። ልጄ ሜላት መጀመሪያ ስትጽፍ ጨረቃና ጽጌረዳ ብቻ ነበር። ጽጌረዳ የት አይታ ነው? እሱ ነው «ይሄን ተይው፣ ያየሽውን ጻፊ፣ ያየሽውን ማንም አይወስድብሽም» ያላት። ሌላው ምክሩ ሁሉ ልክ ነበር።

ያየችውን ጻፈች። ምን አየች? የአባቷን ቀብር። ክንዴን ታውቂዋለሽ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከፈረስ በቀር ወንድም የለኝም የሚል ሰው ነበር። ግምጃ ቤት ከተማ ስንቀብረው እንደ ወጉ ዳማ ፈረሱን ሸልመው፣ ኮርቻው ላይ ካባውን ደርበው፣ ከለቅሶው ፊት እየሳቡት ነበር። የወርቅአየሁ ጠላ ቤት በር ላይ ሲደርስ ፈረሱ ቀጥ! ቢስቡት አይሄድ፣ ቢገፉት አይሄድ። ጌታው ሁልጊዜ የሚወርደው እዚያ ነዋ! ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው ቆሙ፣ ቃሬዛው ቆመ፣ አልቃሹ ሁሉ ቆመ። በመጨረሻ ወርቅአየሁ ራሷ ወጥታ አንገቱን እየዳበሰች «ዛሬ አይገባም፣ ሂድ የኔ ልጅ» ስትለው ነው የተራመደ። ሰው እንባውን እየጠረገ ሳቀ። እኔ በባሌ ቀብር ላይ ሳቅሁ፣ ሶስና። ሜላት ይቺን ነው የጻፈች። ስታነብልኝ ክንዴ በር ላይ ቆሞ «እናትነሽ» ያለኝ መሰለኝ።

ያ ሰውም ሲያነበው አለቀሰ አሉ። ሆደ ቡቡ ነው። «እኔ ጋ ይቆይ፣ ላስተካክልልሽ» አላት። ደግነቱን እይ! ቃሉንም ጠበቀ፣ አስተካከለው። ብዙ አልነካካውም። ፈረሱን አልነካ፣ ጠላ ቤቱን አልነካ፣ «አባቴ» የሚለውንም እንዳለ ተወው። የልጅቱን ስም ብቻ ነው የፋቀው፤ ስሙ ነበር ጽሑፉን ያበላሸው መሰለኝ።

መጽሐፉ ሲመረቅ ተጠርተን ሄድን። «የራሴ ሕይወት ነው፣ አንድም የፈጠርኩት የለም» አለ፤ እዚህ ላይ እንኳ አልዋሸም፣ የፈጠረው የለም። ፊት ወንበር ላይ አባቱ ከእናቱ ጋር ተቀምጠዋል። የአዘናውን ልብስ ሰፊ ታውቂያቸው የለም? የኔን የሰርግ ቀሚስ የሰፉት። ፈረስ አይደለም፣ ጋሪ ላይ ሲወጡ እንኳ «ማርያም፣ ማርያም» የሚሉ። ጠላማ ከጥምቀት እስከ ጥምቀት አይቀምሱም። ልጃቸው ማይኩን ጨበጠና «አባቴን የቀበርን ዕለት» ብሎ ጀመረ።

አዛውንቱ መጀመሪያ ጆሯቸውን አሹ። ቀጥለው እጃቸውን አገላብጠው አዩ፣ አለሁ ወይ እንደማለት። ጨዋ ናቸውና ቀብራቸው ሲነበብ ከወንበራቸው አልተነሱም። ድሮ የቁም ተዝካር የሚያወጣ ሰው ከብት ያርዳል፣ ካህናት ይጠራል፣ ይከስራል። እሳቸው ግን ያለ ወጪ ተዘከረላቸው፣ እንዲህ ያለ ልጅ ይባረክ! ጠላ ቤቱ ላይ ሲደርስ ብቻ እናትየው ዞር ብለው ባላቸውን አንድ ጊዜ አዩዋቸው። ያቺን አስተያየት ምነው ባየሽ! ሽማግሌው መሞታቸውን ተቀብለው ነበር፤ ጠላ ቤቱን ነው «ኧረ በጊዮርጊስ!» ብለው የጮኹበት።

ለቀባሪው አረዱት ሲባል እሰማ ነበር፤ ያን ቀን በእኔ ደረሰ። ያልወለድኩት ልጅ አባባ ቢለኝ አፌን አለኝ ዳባ ዳባ ይላሉ፤ ክንዴ አፍ የለውማ፣ ምን ይበል? የአባትህ ቤት ሲዘረፍ አብረህ ዝረፍም ይባላል። አባትየው ራሱ ሲዘረፍ ምን እንደሚባል ግን አልሰማሁም፣ አንቺ ሰምተሻል? ድሮ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነበር፤ አሁን ሳይቸግር አባት ብድር ሆነ። እኚያን የመሰለ ደግ አባት እያለው እኮ ነው! ዕድሜ ልካቸውን እየሰፉ ያስተማሩት ሰውዬ አንዲት ገጽ እንኳ አይሞሉም ማለት ነው?

በኋላ «ከተማሪዎቼ ብዙ አግኝቻለሁ» ብሎ አመሰገነ። ትሑት ነው። ማጨብጨብ ሆነ፤ ሜላትም አጨበጨበች። ምን ታድርግ፣ መምህሯ ነው። እጇን እያየሁ… ተይው።

አዲስ ቅዳምን አለፍን እንዴ? ወሬ መንገድ ያሳጥራል። ጋሼ፣ ምነው ላበዎ? ይክፈቱት መስኮቱን፣ ይክፈቱት፤ እኛ ጋቢ አለን።

እና ፍቅርአዲስን አስገቢያት ነው የምልሽ። መጻፍ ትማራለች፣ የሜላትን እጅ ያፍታታው እሱ ነው፣ አልክድም። ብቻ ስለ አባቷ አትጻፍ። ስለ አያቷም ይቅር። ስለ ላማችሁ ትጻፍ፣ ላሟ ምርቃት ላይ ተገኝታ አትደነግጥም። የኔዋን ግን አሁን «ጻፊ» ስላት ምን እንደምትለኝ ታውቂያለሽ? «ምን ልጻፍ እማዬ፣ አባቴ እንደሆነ ተጽፏል» ትለኛለች። ይሄ ነው አንጀቴን የሚያሳርረኝ፣ ሶስና። መጽሐፉን ይብላው። ልጄ ዝም አለችብኝ።

ዛሬ ያ ሰው እንጅባራ ይሸለማል አሉ። ያንኑ ቀብር ደግሞ ያነባል። አንቺ ወደ ገበያሽ፣ እኔ ወደ አዳራሹ፤ ላጨበጭብ ነው የምሄደው። ብቻዬን እንዳልሆን አዛውንቱን ደውዬ «አባባ፣ ልጅዎ ይሸለማል፣ አይቅሩ» ብያቸዋለሁ፤ በጠዋት ከአዘና ተነስተዋል። ወርቅአየሁም ነጠላዋን አጥባ ከግምጃ ቤት ትመጣለች። ደንበኛዋ ማን እንደነበረ እሷ አትስተውም። ክፋት እንዳይመስልሽ! እኔ እንኳ አንዲት ነገር ነው የምመኝ። ሳያነብ በፊት «ይህ የሜላት ክንዴ ነው» ቢል… በቃ። ይቺን ብሎ የሞተ ደራሲ አለ? ይቺን ካለማ እኔው ነኝ ከሁሉ ቀድሜ የማጨበጭብለት፣ ሽልማቱንም ይውሰድ። ካላለ ደግሞ… ሽማግሌው ፊት ወንበር ላይ አሉ፣ ሁለተኛ መቀበርን ይወዱት እንደሆነ ይታያል።

ደረስን። ያን ዘንቢል አቀብዪኝ። ጋሼ፣ ቀስ ብለው ይውረዱ። እርስዎም የሙያው ሰው ነዎትና ምናልባት ያን ሰው መድረኩ ላይ ካገኙት ምርቃቴን ያድርሱልኝ። እግዜር እጁን ይባርከው። አባቱን ዕድሜና ጤና ሰጥቶ ያቆይለት። የልጅ ልጅ ያሳየው፣ ሽበቱን የሚያከብር ተማሪ አይጣበት። ቀኑ ሲደርስም፣ ርቆ ይድረስ፣ አገር ሁሉ ወጥቶ ይቅበረው፤ መቃብሩ ላይ የሚነበበው የሕይወት ታሪክም… የራሱ ይሁንለት።

አሜን ይበሉ እንጂ፣ ጋሼ።