ሲኒማ ቤት የገቡት ገላጋይ

«ልደታን ቢያስሱ እንደ እኔ ፊልም የሚመርጥ አያገኙም!» አላቸው ታክሲው ውስጥ ከፊቴ የተቀመጠው ወጣት፣ አጠገቡ ላሉት እናት። ጉራው ብቻውን የሦስት ሰው ቦታ ይዟል፤ ፊቱ ግን ጨፍግጓል።

«ታዲያ ምን አስከፋህ?»

«ያ በድብድብ የምናውቀው አክተር ኮሜዲ ሠራ ሲባል የእጮኛዬን አባት ጋበዝኳቸው። ሰው ሲደበድብ ማንም አልሳቀም። አባትየው ብድግ ብለው ‹ኧረ ገላግሏቸው፣ ጎበዝ!› ሲሉ ግን አዳራሹ በሳቅ ተናጋ።»

«እሳቸውስ?»

«አኩርፈው ወጡ። ነገ ሽማግሌ ልልክ ነበር።»

«ቆይ፣ ሰው እየተደበደበ ኮሜዲው የቱ ጋ ነው?»

«እሱ እኔም አልገባኝም፣ ማዘር።»

«አንተም ሳቅህባቸው?»

«አፌን ይዤ ነበር፤ አመለጠኝ።»

ሜክሲኮ እስክንደርስ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ፤ እኔ ያንን ፊልም ኮሜዲ መባሉን ሳልሰማ እያለቀስኩ ነው የጨረስኩት።