የዳልቻ እግርና የጋሽ ውሃ በረት

ወተት ሻጩን ሰፈሩ «ጋሽ ውሃ» ይላቸዋል። በረታቸውን ጠዋትም ማታም ያጥባሉ፤ የውሃ ቱቦ ሳይዙ የሚያያቸው የለም። ያን ዕለት ግን ቱቦውን ጥለው ሰንጋ አድልቦ የሚያርደው የሰፈሩ ሥጋ ሻጭ ዘንድ ሄደው ነበር። ሲመለሱ መንገድ ላይ ከእህታቸው ልጅ ጋር ተገናኙ። ልጅቷ የከብት ሕክምና ተምራ ሥራ ከጀመረች ገና ቅርብ ጊዜዋ ነው።

«አጎቴ፣ ምነው ፊትዎ ጠቆረ?»

«ዳልቻ አነከሰች፣ ልጄ። ዳሌዋ ወልቋል። በዘይት ባሻት ባሻት አልመለስ አለ፤ ወተቷም ሊነጥፍ ነው። ሥጋ ሻጩ ከሰዓት መጥቶ ይወስዳታል።»

ዳልቻ የሚወዷት ላማቸው ናት። ዳልቻን በጡጦ ያሳደጓት ሟች ባለቤታቸው ናቸው።

«ለመሆኑ እግሯን አንስተው አይተዋል?»

«እግሯ ምን ያደርግልኛል? የሚወዛወዘው ዳሌዋ ነው እኮ!»

ልጅቷ አብራቸው ወደ በረቱ ሄደች። የበረቱ ሲሚንቶ ያብለጨልጫል፣ በየጉድጓዱም ውሃ አቁሯል። የላሟን የኋላ እግር በገመድ ከምሰሶው ጋር አስራ አነሳችው። ሰኮናው ከልክ በላይ አድጎ ጫፉ ተቆልምሟል። ከሁለቱ የሰኮናዋ ጥፍሮች የውጪውን ጫን ስታደርገው ላሟ ዘለለች።

«ሕመሙ እዚህ ነው። ዳሌዋ የሚወዛወዘው ይህን ላለመርገጥ ስትሸሽ ነው።»

«እንግዲያው ሕመሙ ታች ሆኖ እኔ ላይ ላዩን ሳሽ ከረምኩ ማለት ነው?» አሉ። «ምን አገኛት ታዲያ?»

«ውሃ።»

«የቱ ውሃ?»

«የእርስዎ፣ አጎቴ።»

ጋሽ ውሃ እልኸኛ ናቸው እንጂ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ያም ሆኖ ይህቺ ቃል ከነከነቻቸው። «ንጽሕና ጤና ነው ብላችሁ ያስተማራችሁን እናንተው ናችሁ። ዛሬ ደግሞ ንጽሕናው አሳመማት ትያለሽ። የቱን ልያዝ?»

«ንጽሕናውን ይያዙ፣ እርጥበቱን ይተዉ። እበቱን ይጥረጉ፤ ሲያጥቡም ውሃው በቦይ ይውጣ፤ የምትተኛበት ገለባ ይድረቅ። ቀኑን ሙሉ ልብስ ሲያጥቡ ቢውሉ እጅዎ አይላላም? ሰኮናም ሲላላ ጠጠር ይወጋዋል። እህልም በአንዴ ሲበዛባት እግሯን ያሳምማል። ደግሞም በዓመት ሁለት ጊዜ መከርከም አለበት። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ ይባል የለ?»

«ደግሞ አሁን እርጥቡን ወደድሽው?»

ልጅቷ ስቃ ከሕክምና ቦርሳዋ የሰኮና መከርከሚያ ቢላዋ አወጣች። አጎቷ እጇን ያዙ። «በሕያው አካል ላይ?»

«እርስዎስ ጥፍርዎን አይቆርጡም?»

እጇን ለቀቁ። ጥቂት እንደፋቀች የሚሸት ጥቁር መግል ወጣ። ቁስሉን አጽድታ ከጨረሰች በኋላ ትንሽ ጣውላ በማጣበቂያ ለጠፈች፤ የለጠፈችው ግን ከጎኑ ባለው ጥፍር ላይ ነው።

«ቆይ ቆይ፤ የታመመው ያኛው፣ ጫማ ያደረግሽው ለዚህኛው። ተሳሳትሽ ልጄ።»

«አልተሳሳትኩም። ደህናው ከፍ ብሎ ሸክሙን ሲችል የታመመው መሬት ሳይነካ ያርፋል።»

ጋሽ ውሃ የላሟንም የራሳቸውንም እግር እያፈራረቁ አዩ፤ ነገሩ አልገባቸውም። ዳልቻ ግን ስትፈታ እግሯን በቀስታ አሳረፈች፤ አንዴ ቆም አለችና ወደ ግርግሟ ሄዳ መብላት ጀመረች። ሽማግሌው ያን በከንቱ ሲያሹት የከረሙትን ዳሌ ዳበሱና «ይቅር በይኝ» አሏት። እንባቸውን ልጅቷ አይታ እንዳላየች ሆነች።

ሥጋ ሻጩ ገመዱን ይዞ ሲመጣ በሩ ላይ ቆመው ጠበቁት።

«አልሸጣትም።»

«ዳሌዋ ወልቋል አላሉኝም?»

«እግሯን ሳላይ ነው ያልኩህ።»

ሰውየው ጎንበስ ብሎ አየ። «ጣውላ ያለበት ነው የታመመው?»

«እሱማ ደህናው ነው።»

ሥጋ ሻጩ ግራ ገባው። ጋሽ ውሃ ደግሞ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ ብሏቸው ያስረዱ ጀመር። «ከብት እግሩ ሲድን ይቆማል፣ ሲቆም ይበላል፣ ሲበላ ይታለባል፤ ያንተም ሰንጋ ይደልባል። መሬቱ ይድረቅ፣ ሰኮናው ይከርከም። እህልም በአንዴ አታብዛበት፤ እሱም እግር ያሳምማል ትላለች ይህቺ ልጅ። ከሆድ ወደ እግር እንዴት እንደሚወርድ ገና አልገባኝም፤ ጫማውም ሳይገባኝ ነው የሠራው። ያ ጠዋት ስመጣ ዳሌው ወልቋል ያልከኝ ሰንጋህስ? እግሩን አንስተህ አየኸው?»

«እግሩ ምን ያደርግልኛል፣ ጋሼ? የሚወዛወዘው ዳሌው ነው እኮ።»

ጋሽ ውሃ የእህታቸውን ልጅ ዞር ብለው አዩ። ከዚያ ገመዱን ከሥጋ ሻጩ እጅ ተቀበሉና «ና፣ ወደ አንተ በረት እንሂድ» አሉት።