ከአጥር ማዶ የበቀለው እንስላል

ጓሮ ሳርም፣ ጎመኑን የወረረ አረም መስሎኝ ለጋውን እንስላል ከነሥሩ ነቅዬ ከአጥር ውጭ ጣልኩት። በሳምንቱ ሕፃኑን ወንድሜን ሆዱን ቆረጠውና እናቴ፣ «ሮጥ ብለሽ እንስላል ቁረጪ፤ አፍልቼ ላጠጣው» አለችኝ። ባዶው መደብ አጠገብ ቆሜ አለቀስኩ። ባላቸው ናዝሬት ባቡር ጣቢያ አጠገብ ጨው የሚነግዱት የወሎዋ ጎረቤታችን እትዬ ዘሃራ በአጥሩ ቀዳዳ አዩኝ።

«ምን ሁነሽ ነው ልጄ?»

እየተንተባተብኩ ነገርኳቸው።

«አብሽሪ! እኔ ደግሞ እንዲህ ያለ ሥር እንዴት ይጣላል ብዬ አንስቼ ተክዬዋለሁ» ብለው እፍኝ ሙሉ ቀንጥሰው አቀበሉኝ።

«ለእናቴ እንዳይነግሩብኝ» አልኳቸው። ሳቁ።

ወንድሜ ጠጥቶ ዝም አለ። እናቴ፣ «ጎበዝ፣ ደህና አድርገሽ ይዘሽልኛል ጓሮውን» ስትለኝ አንገቴን ደፋሁ። በማግስቱ ጠዋት ስወጣ፣ ግማሹ እንስላል በቀድሞ ቦታው ተተክሎና ውሃ ጠጥቶ አገኘሁት። ያኔ ተመልሼ ገባሁና ሁሉንም ለእናቴ ነገርኳት።