የኳየሩን ጋውን አልለቅም ያለው ማሽን

በእኛ ጊዜ ልብስ ወንዝ ወርዶ፣ ድንጋይ ላይ ተደብድቦ ይመጣ ነበር። ይቀደድ ይሆናል እንጂ፣ ተቆልፎበት የቀረ ልብስ ሰምቼ አላውቅም። እናንተ ተቀመጡ፣ እኔ ቆሜ ላውራችሁ፤ ያን ቅዳሜ ሳስበው ዛሬም አያስቀምጠኝም።

የልብስ ማጠቢያ ማሽኑን ልጃችን አዲስ አበባ ተጠቅማበት ተጠቅማበት፣ ሲያረጅባት ነው ለእናቷ እዚህ ሆሳዕና የላከችው። ታዲያ ሲያጥብ ቆሞ አያጥብም፣ ይሄዳል። ከግድግዳው ተነስቶ እየዘለለ በሩ ድረስ ይመጣል። ባልይዘው ኖሮ ይሄኔ ሆመቾ ገበያ ደርሶ ነበር። እና በበሬ ገመድ ከምሰሶው ጋር አሰርኩት።

ታዲያ ባለቤቴ አስቴር ለቤተ ክርስቲያናችን ኳየር መሪ ለሣራ፣ «ጋውኖቹን በሙሉ አምጪልኝ፣ በማሽን አጥቤ በረዶ አስመስዬ እሰጥሻለሁ» ብላ ቃል ገባች። በማግስቱ እሁድ ከዱራሜ እንግዳ ኳየር ይመጣል፣ የእኛዎቹ ደግሞ ከዚያ ነጭ ጋውን ሌላ ቅያሪ የላቸውም። ከተተቻቸው፣ ማሽኑ ውሃውን ጠጣ፣ ዞረ፣ ዞረ፣ እና መሃል ላይ እምም ብሎ ቆመ። ውሃው አይወርድ፣ በሩ አይከፈት። ጋውኖቹ በመስታወቱ ያዩናል፣ እኛም እናያቸዋለን።

«ምታው» አለችኝ። መታሁት። «በዚያ በኩል ምታው» አለችኝ። በዚያ በኩልም መታሁት። ሶኬቱን ነቀልኩ፣ ሰካሁ፣ ወጣሁ፣ ገባሁ፣ ጆሮዬን ሆዱ ላይ ለጠፍኩ፤ እንደተነፋ በሬ ያጉረመርማል። ሣራ ትደውላለች፣ «እማማ አስቴር፣ ደረቀ?» አስቴር የተዘፈዘፈውን እያየች፣ «እየተቃረበ ነው የኔ ልጅ» ትላለች። ስልኩን ዘግታ ወደ እኔ ትዞራለች፣ «ምን ትገተራለህ፣ ሰው ጥራ እንጂ።»

እና ጥገና የሚሠራውን ኤርሚያስን ጠራሁት። ገና ሲገባ፣ «ጋሽ ላቲሶ፣ ይሄን ማን አሰረው?» አለኝ።

«እኔ።»

«ምን አድርጎ?»

«እየኮበለለ።»

ሳቀና ተንበረከከ፣ ከማሽኑ እግር ሥር ያለችውን ትንሽ ክዳን ከፈተ፣ ማጣሪያውን እየታገለ ፈታው። እኔ ውሃ ይመጣል ብዬ ባልዲ ይዤ ስጠብቅ፣ ወፍራም ነጭ ነገር ጠብ አለ። «ጋሼ፣ ምን ዓይነት ሳሙና ነው?» አለኝ። ጣቴን ሰድጄ ላስኩት። እናንተ ልጆች፣ ይሄን ጣዕም እናቴ ጀርባ ላይ ታዝዬ ሳለሁ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ቆጮ ሲጨመቅ የሚወጣው የእንሰታችን ቡላ ነው።

አስቴርን አየኋት። እሷ ጣሪያውን ታያለች።

«አስቴር፣ ማሽኑ ቡላ ከየት አገኘ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ።»

ባልዲውን አፍንጫዋ ሥር አቀረብኩላት።

«ሐሙስ ለት ቆጮውን በጨርቅ ቋጥሬ ትንሽ አሽከረከርኩት» አለች። «እጄን ቁርጥማት እየጨረሰኝ፣ አንተ ትጨምቅልኛለህ? መጭመቅ አይደል ወይ ሥራው?»

ኤርሚያስ፣ «እማማ፣ ጨመቀልዎት?» ቢላት፣ «ከሰፈሩ ሴት ሁሉ አስበልጦ» አለች።

አርባ አህያ የሚጭነው ቡላ ዛቅን። ምን ያስቃችኋል? እሺ ሃያ ይሁን። ውሃው ወረደ፣ በሩም ቀጭ ብሎ ተከፈተ። ግን ጋውኖቹ ቡላውን ጠጥተዋል፣ እናለቅልቅ ብንል ቧንቧው ደርቋል። አስቴር እንባዋ መጣ። «ሣራን በምን ዓይኔ አያታለሁ?» ትላለች። እንደዚያው አሰጣናቸው፣ እርጥበታቸው ሳይለቅ ካውያ አሳረፍንባቸው፣ እና ቡላው ደርቆባቸው እንደ ቆርቆሮ ቀጥ አሉ። አንዱን መሬት ላይ ባቆመው ሰው ሳይገባበት ቆመ።

ታዲያ እሁድ የዱራሜዎቹ ጋውን በመንገዱ ተጨማዶ መጣ። የእኛዎቹ ላይ አንዲት እጥፋት የለም። እየዘመሩ እጃቸውን አነሱ፣ እጅጌው አብሮ ተነሳ። እጃቸውን አወረዱ፣ እጅጌው እዚያው ቀረ። ሣራ አስቴርን ስማ ስማ አልጠግብ አለች። የዱራሜዎቹ መሪም ጠጋ ብላ፣ «እማማ፣ በምን አጥባችሁት ነው?» አለቻት።

አስቴር አንገቷን ቀና አድርጋ፣ «በማሽን» አለች።

ከዚያ ወዲህ የጊምቢቹም የአዲሎም ኳየር ጋውኑን ወደ እኛ ነው የሚልከው።

«ላቲሶ፣ ወሬህን ተውና ና ገመዱን ያዝልኝ፣ በሩ ጋ ደረሰ እኮ!»

ይኸው አስቴርን ሰማችኋት፣ ልሂድ። ዛሬ ውስጡ ያለው ጋውን ይሁን ቆጮ አልጠየቅኳትም።