አረንጓዴ የተቀባችው ሜዳ

ከመገናኛ ወደ ኮተቤ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጠ ወጣት የከተማውን ፕላን በስልኩ ከፍቶ ሲያይ አጠገቡ ያሉት እናት ጠጋ አሉ።

«ቀለሙ ምንድን ነው ልጄ?»

«የመሬት አጠቃቀም ነው ማዘር። ቢጫው መኖሪያ፣ ቀዩ ንግድ።»

«የሰፈራችን ሜዳስ? እዚያ ከእንጦጦ ሥር?»

«ይኸው፣ አረንጓዴ። ወደፊትም ቤት አይሠራባትም።»

«በስመ አብ! ፕላኑን ላወጡት ማን ነገራቸው?»

«ምኑን?»

«ሰው ሊያጥራት በመጣ ቁጥር የእድሩን ድንኳን ጥለን እንቀመጥባት ነበር። ለቅሶ ላይ ማን ደፍሮ ያጥራል?»

«ማን ሞቶ ነው?»

«ማንም! እስቲ እንደገና አሳየኝ... እውነትም አረንጓዴ ናት!»

ከታክሲው ስወርድ፣ ሁልጊዜ አቋርጬው የምሄደውን ባዶ ቦታ ያን ቀን የለቅሶ ድንኳን የተጣለበት ይመስል በዳር በዳሩ ዞርኩት።