የአባ ራያ ምርቃት

ለምርጫው የአንድ ፓርቲ ሰዎች ሰፈራችን መንደራ ቆጪ መጥተው እኛን የሰፈሩን ነጋዴዎች ሰበሰቡን። ባለፈው ምርጫ ብለው እንደረሱት አሁንም «የትንንሽ ሱቆችን ግብር እናስተካክላለን» ሊሉን እንደሆነ ስላወቅኩ ልጮህባቸው ተዘጋጅቼ ነው የሄድኩት። ስብሰባው በምርቃት ይከፈት ተባለና ባለሱቁ ጎረቤቴ አባ ራያ ተነሱ። ሁላችንም እጃችንን ዘረጋን፤ የፓርቲው ወጣት እጩም ዘረጋ።

«ቃላችሁን የምትጠብቁ ያድርጋችሁ» አሉ። «አሜን» አልን። «ከረሳችሁ ደግሞ እዚሁ ሰፈር ሱቅ ከፍታችሁ ግብር የምትከፍሉ ያድርጋችሁ።» እጩው ዓይኑን እንደጨፈነ ከሁላችን በላይ «አሜን» አለ። ሳቃችን ሲያባንነው አፍሮ አንገቱን ደፋ፤ የኔም ቁጣ የት እንደገባ እንጃ። አባ ራያ ግን አልሳቁም። ትከሻውን ቸብ ቸብ አድርገው «አይዞህ ልጄ፣ ከኔ አጠገብ ክፈት። ግብሩ ሲበዛብህ አብረን አቤት እንላለን» አሉት።